አንድ ድርሃም የምታስከፍለው ዱባይ

አዲስ አበባ ውስጥ መንገድ በተነጠፈ፣ አምፖል በተሰቀለ፣ አንዱ ሕንፃ ፊቱን በመስታወት በሸፈነ ቁጥር ከአፋችን የምትፈተለክ ምስጋና አለች፤ «ዱባይን መሰለ እኮ!» የምትል። ድሮ ድሮ እንዲህ ያለው ምስጋና የፓሪስ ነበር። አሁን ወንበሩን ዱባይ ተረክባለች። ባለሥልጣኑም፣ ባለሀብቱም፣ የታክሲ ረዳቱም በዚህች ነገር አይለያዩም። እንግዲህ አንዲትን ከተማ መለኪያ ካደረግን፣ የትኛውን ጎኗን አይተን ነው መለኪያ ያደረግናት ብሎ መጠየቅ ነውር አይሆንም።

ዱባይ ደርሶ የመጣ ሰው ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ሊያሳያችሁ ሲል፣ ሳታዩ መናገር ትችላላችሁ። አንዱ ከቡርጅ ኸሊፋ ሥር የተነሳው ነው፤ ሕንፃው ስለማይገባ ፎቶ አንሺው መሬት ላይ ተኝቷል። ሌላው የሚጨፍረው ፏፏቴ ነው። ሦስተኛው አሸዋ ላይ፣ ግመል አጠገብ፣ ቀይና ነጭ ሻሽ ተጠምጥሞ። አራተኛው ሞል ውስጥ። አምስተኛውም ሞል ውስጥ። በ2024 ብቻ 18.72 ሚሊዮን እንግዶች በከተማዋ አድረዋል (ዓመቶቼ የአዲስ አበባውን ካልሆነ በስተቀር በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)፤ አብዛኛው ይህንኑ ፎቶ ይዞ የሄደ ይመስለኛል።

ለቡርጅ ኸሊፋ የሚገባውን እንስጠው። 828 ሜትር ነው። ወገቡ ላይ ደመና ታጥቆ የሚቆምበት ቀን አለ፤ ያኔ ሲያዩት እውነትም አፍ ያስከፍታል። ግን የሚያስገርመኝ ቁመቱ ሳይሆን ስሙ ነው። ሲገነባ «ቡርጅ ዱባይ» ነበር። ጥር 4 ቀን 2010፣ የእኛ ገና ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ርችት እየተተኮሰ ሲመረቅ ግን በአቡ ዳቢው ገዥ በሼኽ ኸሊፋ ስም «ቡርጅ ኸሊፋ» ሆኖ ተገኘ። ለምን ቢባል፣ ከመመረቁ ጥቂት ሳምንታት በፊት ዱባይ በዕዳ ተይዛ ስትንገዳገድ ጎረቤቷ አቡ ዳቢ 10 ቢሊዮን ዶላር አውጥታ ደግፋት ነበር። ባለውለታን በስም መካስ እኛም አገር ያለ ነው፤ ልጅን በአበልጅ ስም መጥራት እንደማለት። አስጎብኚዎቹ ይቺን ታሪክ ብዙም አያነሷትም። በ2006 ግንባታው ቦታ ላይ በደመወዝና በአያያዝ ተማርረው ስለተነሱት በሺህ የሚቆጠሩ የቀን ሠራተኞችም አያነሱም። አሳንሰሩ 124ኛ ፎቅ ለመድረስ አንድ ደቂቃ ገደማ ስለሚፈጅበት ይሆን?

ከሕንፃው ወርደን በረዶ እናገኛለን። ኧረ በረዶ! ከ2005 ጀምሮ በአንድ ሞል ሆድ ውስጥ፣ ውጪው 45 ዲግሪ ሲያነድድ፣ ከዜሮ በታች በሆነ ቅዝቃዜ የሚንሸራተቱበት ተራራ አለ። ፔንግዊንም አለ። ልጆች ይወዱታል፤ ልጅ የሚወደውን ማጣጣል ደግ አይደለም። ይሁንና ከበረሃ ከተማ ሄዶ በረዶ መክፈል፣ ጎንደር ሄዶ የፋሲልን ግንብ ትቶ ስለ ለንደን ፊልም ማየት ነው። የአበባው ገነትም እንዲሁ። አውሮፕላን የሚያህል ነገር በአበባ ለብሶ ቆሟል፤ ለፎቶ ያምራል፣ በበጋው ግን ሙቀቱን ስለማይችል ይዘጋል። ይህ ሁሉ ባለበት አገር የሚጠጣው ውኃ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከባሕር ተጣርቶ የሚመጣ መሆኑን ልብ በሉልኝ።

በኢብን ባቱታ ስም ስለተሰየመው ሞል ግን ሁለት ልብ ነኝ። ሰውዬው በ14ኛው ክፍለ ዘመን ከታንጀር ተነስቶ፣ በእግሩም በግመሉም በመርከቡም ቻይና ድረስ የዞረ ነው። ዛሬ ያየው አገር ሁሉ ወደ ሱቅ ተቀይሮ፣ ከ«ቱኒዚያ» ወደ «ህንድ» በኤሲ እየተነፈሱ ይሻገሩታል። የ«ፋርስ» ክፍል ጣሪያ ግን፣ የሸማኔ እጅ የነካው የሚመስለው ሰማያዊ ጉልላት፣ እውነቱን ለመናገር ውብ ነው። ከሥሩ ያለው ቡና መሸጫ የአሜሪካ ኩባንያ ባይሆን ኖሮ!

አሁን ወደ በረሃው እንውጣ። «የበረሃ ሳፋሪ» ይሉታል። ከሰዓት በኋላ ላንድክሩዘር ከሆቴል ይወስዳችኋል። አሸዋው ጫፍ ሲደርስ ሾፌሩ የጎማውን አየር ያስተነፍሳል፤ ከዚያ ሃያ ደቂቃ ያህል በአሸዋ ጉብታ ላይ ሽቅብ ቁልቁል ያንገላታችኋል። ምሳ የበላ ይጸጸታል። ከዚያ ድንኳን። ግመል ላይ ሁለት ደቂቃ፣ እጅ ላይ ሂና፣ ሣህን ላይ ጥብስ፣ መድረክ ላይ የሆድ ዳንስ። ቀሚሱን እንደ ጃንጥላ ዘርግቶ የሚሽከረከር ሰውም ይመጣል። ይሄኔ ነው ማጉረምረም የምጀምረው። የሆድ ዳንሱ ከበደዊን ጋር ምን አገናኘው? የሚሽከረከረውም ጨዋታ የግብጽ ነው። የዚህ በረሃ ሰው ወንዶች በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ቆመው፣ ቀጭን በትር ይዘው፣ ግጥም እየተቀባበሉ የሚጫወቱት «ዓያላ» የሚባል የራሱ ጨዋታ አለው። ለእኛ ሰው ቢያሳዩት ወዲያው ይገባው ነበር፤ ዱላ ይዞ በግጥም መመላለስ ለማን አዲስ ነው? ግን እሱ አይሸጥም መሰል፣ ለእንግዳ የሚቀርበው እንግዳው ከፊልም ያወቀው ዐረብ ነው።

በረሃው ራሱ ግን አያሳፍርም። ከከተማዋ ወጣ ብሎ 225 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን፣ የዱባይን መሬት 5 በመቶ ገደማ የያዘ የተጠበቀ ክልል አለ። እዚያ መኪና እንደልቡ አይጋልብም። ነጩን የዐረብ ኦሪክስ ታያላችሁ፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከዱር ጨርሶ ጠፍቶ ከነበረበት ተረብቶ የተመለሰ እንስሳ ነው። ጋፍ የሚሉትን ዛፍም ታያላችሁ። የእኛን ግራር ይመስላል፤ ሥሩን ወደ ታች ብዙ ሜትር ሰዶ ውኃ ፈልጎ ይጠጣል፣ ሰውም ግመልም ከጥላው ያርፋል። ጧት፣ ፀሐይ ሳይበረታ፣ ሞተር አጥፍቶ ለአንድ ሰዓት የተቀመጠ ሰው አሸዋው ላይ የጥንዚዛዋን፣ የቀበሮዋን፣ የእባቡን ዱካ እንደ ጋዜጣ ያነበዋል። የዚህ ፎቶ ግን ብዙም አያምርም።

የግመል ሽቅድምድሙን ለማየት የሚነሳ ካለም ይሂድ፤ ክረምታቸው ላይ፣ በማለዳ ነው። ግመሎቹ ጀርባ ላይ ትንንሽ ሮቦቶች ተቀምጠው አለንጋ ያወዛውዛሉ፤ ባለቤቶቹ በመኪና ከጎን እየተከተሉ በሬዲዮ ይጮኹላቸዋል። ያስቃል። ከ2005 በፊት በዚያ ኮርቻ ላይ የሚቀመጡት ግን ከፓኪስታን፣ ከባንግላዴሽ፣ ከሱዳን የመጡ ሕፃናት ነበሩ። ይህን ሲያውቁት ሮቦቱ ከማሳቅ አልፎ ጥሩ ነገር ይሆናል። ማሽን የሰውን እንጀራ ነጠቀ ብለን ዘወትር ስናማርር፣ እዚህ አንድ ጊዜ የነጠቀው መከራ ነው።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ መንደርደሪያ ነው። እኔ ዱባይ የምላት ኾሩ ዳር ያለችዋን ነው። ኾር ማለት ባሕሩ ክንዱን ወደ የብስ ዘርግቶ የገባበት ውኃ ነው፤ በአንድ ወገን ዴራ፣ በሌላው ወገን ቡር ዱባይ። መሻገሪያዋ «አብራ» የምትባል የእንጨት ጀልባ ናት። ዋጋ፣ አንድ ድርሃም። ግርግዳ የላትም፣ መስኮት የላትም። አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ትቀመጣላችሁ፤ አንዱ ጎናችሁ ከሥራ የሚመለስ ህንዳዊ፣ ሌላው ጎናችሁ ዕቃ የተሸከመ አፍጋናዊ፣ ፊት ለፊታችሁ ካሜራ የያዘ ጀርመናዊ። የናፍጣ ሽታ አለ። ነፋስ አለ። አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው። ከመቶ ድርሃም በላይ ከሚያስከፍለው ፎቅ ላይ ከተማዋ ካርታ ትመስላለች፤ አብራ ላይ ሰው ትመስላለች።

ዴራ ጠረፍ ላይ ደግሞ ሆዳቸው የሰፋ የእንጨት መርከቦች ጎን ለጎን ታስረው ፍሪጅ፣ ጎማ፣ ማዳበሪያ፣ ሩዝ ሲጫንባቸው ታያላችሁ። ወደ ኢራን፣ ወደ ሶማሊያ የሚሄዱ ናቸው። የእኛ ተመላላሽ ነጋዴዎች፣ በተለይ ሴቶቹ፣ ዱባይን ያወቋት ከዚሁ ጀርባ ባሉት ጠባብ መንገዶች ነው። ቡርጁን ሳያዩ አሥር ጊዜ የተመላለሱ አሉ፤ የጅምላ ዋጋ ግን ከማንም በላይ ያውቃሉ። እነሱ ሳይገባቸው ጥሩ አስጎብኚዎች ናቸው።

ስለዚህ ውኃ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው «ነዳጅ አለቻ፣ ምን ታድርግ!» ብሎ ስለሚያልፋት። ዱባይ ቀድሞ የምትኖረው በዕንቁ ነበር። በ1930ዎቹ ጃፓኖች ዕንቁን እያረቡ መሸጥ ሲጀምሩ፣ የዓለም ገበያውም ሲወድቅ፣ ጠላቂዎቿ ሥራ ፈቱ፣ ከተማዋም ተራበች። ኾሩም በደለል እየተሞላ መርከብ አላስገባ አለ። ሼኽ ራሺድ በ1950ዎቹ መጨረሻ ከኩዌት ተበድረው፣ ከነጋዴውም ገንዘብ አሰባስበው ኾሩን አስጠረጉ። ነዳጅ የተገኘው ከዚያ በኋላ ነው፣ በ1966። መጀመሪያ ደለል ጠረጉ ማለት ነው። «ዱባይን እንምሰል» የሚል ሰው ከዚህ ቢጀምር ማን ይከለክለዋል?

ከቡር ዱባይ ወገን ስትወርዱ አል ፋሂዲ የሚባል ሰፈር ትገባላችሁ፤ የድሮ ስሙ ባስታኪያ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የዱባይ ገዥ የጉምሩክ ቀረጥ ሲያነሱ፣ ከባሕሩ ማዶ ከፋርስ፣ ባስታክ ከሚባል አገር ነጋዴዎች ተሻግረው የሠሩት ነው። ቤቶቹ ከባሕር በወጣ የኮራል ድንጋይና በጀሶ የተገነቡ ናቸው። መንገዱ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ቢሄድ ትከሻ የሚያገናኝ ነው፤ ሆን ተብሎ ነው የጠበበው፣ አንዱ ቤት ለሌላው ጥላ እንዲሆን። በየጣሪያው ላይ ደግሞ አራት ማዕዘን ማማ ቆሟል። ባርጂል ይሉታል፣ የንፋስ ማማ። አራቱም ጎኑ ክፍት ነው፤ ውስጡ ግን በተሻገሩ ሁለት ግድግዳዎች ለአራት ተከፍሏል። ነፋሱ ከየትም ይምጣ ከየት፣ በመጣበት ወገን ይያዝና በቀዳዳው ቁልቁል ወርዶ የተቀመጠውን ሰው ያርሰዋል። የሞቀው አየር በሌላው ወገን ሽቅብ ይወጣል። መብራት አይበላ፣ ነዳጅ አይጠጣ፣ አይጮኽ። ከሥሩ ስትቆሙ አናታችሁ ላይ ቀዝቀዝ ያለ ነገር ሲወርድ ይሰማችኋል። በዚያ ሁሉ ከተማ ውስጥ ያየሁት እውነተኛ ብልሃት ይሄ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ይህም ሰፈር ሊጠፋ ነበር። ኤሲ ሲመጣ ባለቤቶቹ ወጡ፤ ቤቶቹ ለቀን ሠራተኛ ማደሪያና ለመጋዘን ተከራዩ። ግማሽ ያህሉ ፈረሰ። የቀረውም ሊፈርስ ሲል እዚያው ይኖር የነበረ ሬይነር ኦተር የሚባል እንግሊዛዊ አርክቴክት ለዚያን ጊዜው ልዑል ቻርልስ ደብዳቤ ጻፈ። ልዑሉ በ1989 ዱባይን ሲጎበኙ ሰፈሩን ዞረው አዩ፣ ይቀመጥ አሉ፣ ተቀመጠ። ዛሬ የዱባይ መንግሥት «ቅርሴ» እያለ የሚያስጎበኘው ይህንኑ ነው። አሮጌ ነገራችን ዋጋ እንዳለው ፈረንጅ እስኪነግረን መጠበቅ የእኛ ብቻ በሽታ አለመሆኑ በመጠኑ ያጽናናል።

በመጠኑ ነው ያልኩት። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ፒያሳ ላይ ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ ሰፊ አሮጌ ሰፈር ሲፈርስ ብዙ ሰው የተጽናናው በዚያችው ቃል ነበር፤ «ዱባይ ትሆናለች»። እዚያ ቤት ውስጥ ይኖር ለነበረው ሰው ኑሮው የድሎት እንዳልነበረ አውቃለሁ፤ ለሃያ ቤተሰብ አንድ መጸዳጃ ቤት ቅርስ አይባልም። ግን ሰገነቱ፣ የእንጨት በረንዳው፣ ወፍራሙ የጭቃ ግድግዳ፣ ቀን አሪፍ ሌሊት ሞቅ የሚለው ክፍል፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ለተቀመጠች ከተማ ታስቦ የተሠራ ነበር። የተተካው መስታወት ግን ለማን ታስቦ ነው? ኤሲ የማያስፈልጋትን ከተማ፣ ፀሐይ በመስታወት አስገብተን ኤሲ እንድትገዛ አደረግናት። ዱባይ እንኳ ከመስታወቱ ጎን የንፋስ ማማዋን አስቀርታለች። እኛ ከእሷ የቀዳነው ግማሹን ነው፣ ያውም የሚሞቀውን ግማሽ።

እዚያው አል ፋሂዲ ውስጥ ትንሽ የቡና ሙዚየም አለ። የኢትዮጵያ ቡና አፈላል፣ ጀበናውና ረከቦቱ፣ ከየመኑና ከቱርኩ ጎን ቀርቧል። ይህን ሳይ ሁልጊዜ የሚመጣብኝ ጥያቄ፣ በዚያችው ከተማ ውስጥ ቡና ማፍላት የሚያውቁ ስንት የእኛ እህቶች ይህን ሙዚየም አይተውታል የሚል ነው። ሙዚየሙ ለቱሪስት ነው። እሷ ደግሞ ከአንዱ ፎቅ ማዳሟ ቤት መስታወት ስትወለውል ቡርጁን በየቀኑ ታየዋለች። በ2017 የወጣው የአገሪቱ የቤት ሠራተኞች ሕግ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት ይፈቅድላታል፤ በ2022 የተካውም እንዲሁ። ሕጉ ቤት ውስጥ ገብቶ በር ይከፍታል ወይ ነው ነገሩ። ቀኑ የተሰጣት ደግሞ ዴራ ሄዳ እንጀራ ትበላለች፣ ብር ትልካለች፣ ከአገሯ ልጆች ጋር አረፋፍዳ ትመለሳለች። ለቤተሰቧ የምትልከው ፎቶ የፏፏቴው ነው። እናት ፎቶውን አይታ «ልጄ ደስ ብሏታል» ትላለች። ፏፏቴው ከሁሉ የበለጠ የሚሠራው ሥራ ይሄ ሳይሆን ይቀራል?

በ2018 የተከፈተ «የዱባይ ፍሬም» የሚባል ነገር አለ፤ 150 ሜትር ቁመት ያለው ባዶ የወርቅ ክፈፍ። ላይ ወጥታችሁ በአንድ በኩል አሮጌውን፣ በሌላው በኩል አዲሱን ከተማ ታያላችሁ። ሐሳቡ ጎበዝ ነው፤ ግን አሮጌው ከዚያ ርቀት ቡናማ ንጣፍ ነው። ለመግቢያው በምትከፍሉት ገንዘብ አሮጌው ከተማ ድረስ ሄዳችሁ አብራውን ደጋግማችሁ ትሻገራላችሁ፣ ሻይም ትጠጣላችሁ።

አንድ ቀን የተረፈው ሰው ከዱባይ ወደ ደቡብ ወርዶ አል ዐይን ይሂድ። የአቡ ዳቢ ግዛት ነው፣ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ። ጃሂሊ የሚባል በ1890ዎቹ የተሠራ የጭቃ ምሽግ አለ፤ ውስጡ የአንድ ሰው ፎቶግራፎች ቋሚ ኤግዚቢሽን ነው። ሰውዬው ዊልፍሬድ ቴሲጀር ይባላል። የትውልድ ቦታው አዲስ አበባ፣ የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ግቢ ውስጥ፣ በ1910። አባቱ እዚያ የእንግሊዝ ወኪል ነበሩ። በ1930 ለንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ በዓል ተጠርቶ መጣ፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ አዋሽን ተከትሎ በአፋር በረሃ ውኃው እስከሚሰወርበት ድረስ ሄደ። ሩብ አል ኻሊ የሚሉትን ባዶ በረሃ ከበደዊን ጋር በግመል ያቋረጠው ከዚያ በኋላ፣ በ1940ዎቹ ነው። «ሙባረክ ቢን ለንደን» ብለው ጠሩት። ነዳጁና መኪናው መጥቶ የወደዳቸውን ሰዎች ኑሮ ሲለውጠው ተቆጣ፤ ቁጣው አንዳንዴ ይበዛል፣ እሱ ሲመቸው እንግሊዝ አገር የሚመለስበት ቤት ነበረው፣ በደዊኑ ግን ውኃና ሐኪም ያስፈልገው ነበር። ፎቶዎቹ ግን ከሰውዬው ይበልጣሉ። ጥም የጠናበት ፊት፣ በረሃ ያጠናው ዓይን፤ ለካሜራ ብሎ የሳቀ የለም።

ከምሽጉ ብዙም ሳይርቅ የቴምር ዛፍ ጫካ አለ፣ መግቢያው ነጻ ነው። ዩኔስኮ በ2011 ከሌሎች የአል ዐይን ቦታዎች ጋር በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ዛፎቹ የሚጠጡት ፈለጅ በሚባል ቦይ ነው፤ ከሩቅ ከመሬት ሥር ተስቦ የሚመጣ ውኃ፣ በዚያ አካባቢ ሦስት ሺህ ዓመት የሞላው ብልሃት። ውኃው ለየማሳው በሰዓት ተቆጥሮ ይደርሳል። ተራውን የሚያካፍል፣ ሰው የሚታዘዘው ሽማግሌም አለው። ወሎ ወይ ጎጃም መስኖ ያለበት ቀዬ ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ መተርጎሚያ አያስፈልገውም፤ የውኃ አባት ነው። ከጥላው ሥር ስትሄዱ ከምትሰሙት ሁሉ የሚበልጠው የቦዩ ድምፅ ነው፤ ከውጪው ጋር ሲነጻጸር ሙቀቱም በግልጽ ቀነስ ይላል። ኅዳር እስከ የካቲት ብትሄዱ ይሻላል፣ ውኃ ያዙ፣ ጫማችሁም ለአቧራ የሚሆን ይሁን።